ያለ አንዲት እርማት

ሰኞ፣ የካቲት 2

ልጄ አስቴር መጽሐፉን አገኘችው። ደሴ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ፣ ጀርባው ተገንጥሎ። «አባባ፣ ሁልጊዜ የምትተርክልን ይኸው አይደለም?» ብላ ጭኔ ላይ አኖረችው። ሽፋኑን ወዲያው አወቅሁት። በሬ የሚስበው ጋሪ፣ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች፣ ሰው ያልረገጠው ሜዳ።

ስልሳ ዓመት አለፈ። ያኔ በትምህርት ቤታችን አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ እርሱም በመምህራችን እጅ። ዓርብ ዓርብ አንድ ምዕራፍ ያነቡልናል፤ ሰኞ በቃላችን እናወርዳለን። አንዲት ቃል የዘለለ በአለንጋ ይታረማል። የቀረ ተማሪ ከጓደኛው ተቀብሎ ያጠናል፤ «አልነበርኩም» ብሎ ምክንያት የለም። የዛሬ ልጆች ስልካቸው ያስታውስላቸዋል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ እኔ ያለ አንዲት እርማት አውርጄዋለሁ። ከክፍሉ ያን ያገኘ ሌላ ተማሪ የለም።

ለሰይድ ደወልኩለት። አንድ ዴስክ ላይ አብረን የተማርን ጓደኛዬ ነው፤ ዛሬ ዓይኑ ጠፍቶ ካደግንበት ሐይቅ ዳር ከልጁ ጋር ይኖራል። መጽሐፉ መገኘቱን ነገርኩት። «ኀሙስ ና፤ መጨረሻውን አንብብልኝ» አለኝ። መጀመሪያውን አለማለቱ ገረመኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

እስከ ምሳ ሰባት ምዕራፍ ዘለቅሁ። ሁሉም በቦታው አለ። እናትየው የዘሩን ከረጢት ትራስ አድርጋ መተኛቷ። ልጆቹ ለበሬው ስም ለማውጣት መጣላታቸው። አባትየው ገና ግድግዳ ሳያቆም በሩን መሥራቱ።

በልጅነቴ ያ ሜዳ ከአምባሰል ተራራ ሥር ነበር የሚታየኝ። አባቴም በዚያው ዓመት ጫካ መንጥሮ መሬት ሊይዝ ሁመራ ወርዶ ነበር። ጋሪ የለውም፤ መጥረቢያና ስንቅ ብቻ። መሬቱን ሲይዝ መጥቶ ሊወስደን። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የማዳምጠው እንደ ደብዳቤ ነበር።

አንድ ስሕተት ራሴ ላይ አገኘሁ። ዕድሜዬን ሙሉ «ዝናብ» ያልኩት «ካፊያ» ኖሯል። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

የመጨረሻውን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

እህል ፍለጋ የሄደው አባት አይመለስም። በሬው ብቻውን ይመጣል። እናትየው በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ ከዚያ ቀንበሩን ታነሣለች። ያበቃል።

እኔ የማውቀው ግን ይህን አይደለም። እኔ የማውቀው አባትየው ጎሕ ሲቀድ በሬውን እየነዳ፣ ዱቄቱን በትከሻው ተሸክሞ ሲመጣ ነው። ለልጆቼ የተረክሁት ያንን ነው። ሌላ እትም ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። በዚያች ዓርብ ክፍል ውስጥ አልነበርኩም። ከሁመራ የተመለሱ ሰዎች ውጫሌ ገበያ ታይተዋል ሲባል እናቴ ይዛኝ ሄዳ ነበር። ሰው ሁሉ ጠየቅን። በመጨረሻ አንዱ መሬት መሬት እያየ «እግዜር ያጽናሽ» አላት።

እሑድ ዕለት ሐይቁ ዳር አስቀምጦ ምዕራፉን ቃል በቃል ያስጠናኝ ሰይድ ነው።

ስልሳ ዓመት ዋሽቶኛል! ነገም አልሄድም ብዬ ነበር። ግን ደግሞ ያ ሰኞ አለ። ክፍሉ ሁሉ ዓርብ ዕለት እውነተኛውን ሰምቷል። አንዲት ቃል የማይምሩት መምህራችን እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ «ተቀመጥ፣ ደምሴ» አሉ። ከልጆቹ አንድም የሣቀ የለም። ስኮራበት የኖርኩት ይህ ነው።

ኀሙስ፣ የካቲት 5

ሄድኩ። ባጃጁ ሐይቁ ዳር አወረደኝ። ሰይድ ከዋርካው ሥር ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ተቀምጧል። «መጣህ፣ አንተ ጉረኛ!» አለኝ ኮቴዬን ሰምቶ።

መጽሐፉን ገለጥኩና ከገጹ ሳይሆን ከልቤ አወረድኩለት። የእርሱን መጨረሻ። አባትየው ዱቄቱን ተሸክሞ መጣ።

«ደምሴ» አለኝ ስጨርስ።

«አቤት።»

«ወላሂ የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ አለ። አንድ ገጽ እንኳ አልገለጥህም።»

እንባችን እስኪፈስ ሣቅን። ከዚያ ክፍሉን ሁሉ እንዴት ዝም እንዳሰኘ ጠየቅሁት።

«እኔ ምን አቅም አለኝ? ሰኞ ጠዋት አንተ ሳትደርስ ለመምህሩ ነገርኳቸው። አለንጋው ለእኔ ይሁን አልኳቸው።»

«መቱህ?»

«ሦስት! መጽሐፍ አጣመምህ ብለው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩና ‹ዛሬ ደምሴን የሚያርም ጠቡ ከእኔ ጋር ነው› አሉ።»

 የአለንጋውን ሰንበር አሁንም በመዳፉ ላይ የምፈልግ ይመስል እጁን ይዤ ቆየሁ።

«በል አሁን እውነተኛውን አንብብ» አለኝ።

ገጹን ገለጥኩ። በሬው ብቻውን ከሚመጣበት ስደርስ ማንበብ አቆምኩ። ሰይድ ካቆምኩበት ተቀበለኝ፤ እርሱም ለካ በቃሉ ይዞት ኖሯል። እኔ በጣቴ መስመሩን እየተከተልኩ አዳመጥሁት።

ሁለት ቃላት ዘለለ። አላረምኩትም።