ካርዴ ሥራ ገብቶ እኔ የቀረሁበት ሰሞን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ሽንዲ።

ከሁሉ አስቀድሞ ያ የጥርስሽ ሕመም እንዴት አደረገሽ? አባባስ ወገባቸውን ተሻላቸው? በርበሬው ደርቆ ገባ ወይስ አሁንም ደጅ ተሰጥቷል? እኔ አምላክ ይመስገን አሁን ደህና ነኝ። ደስታው ወንድሜ፣ ስታነብላት «አሁን» የምትለዋን እንዳትዘልብኝ። በስልክ ያልነገርኳችሁ፣ ስልኩን ከበው የሚሰሙት ጎረቤቶች ስለሚበዙ ነው።

እናቴ፣ በኅዳር ወባ ጥሎኝ ነበር። አትደንግጪ፣ አልፏል። እንዲያውም ይህን የምጽፍልሽ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስላተረፉኝ ሰዎች ላጫውትሽ ነው።

እዚህ ቡሬ የምሠራበት ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ አንድ ማሽን አለ። ጠዋት ስንገባ ካርዳችንን እናስነካዋለን፣ እሱም የገባንበትን ሰዓት ይመዘግባል። ታዲያ እኛ የገጠር ልጆች ምን ይዘን መጣን መሰለሽ? ወንፈል! እናንተ አጨዳ እንደምትተጋገዙት እኛ በካርድ ተጋገዝን። አብራኝ ዱቄት የምታሽገው ያምሮት፣ የመራዊዋ ልጅ፣ የሁለታችንንም ካርድ በቦርሳዋ ትይዝና ሳረፍድ የእኔንም ታስነካልኛለች። እሷ ማርፈዷን አስቀድማ የነገረችኝ ዕለት ደግሞ ካርዶቹን እኔ እይዛለሁ። በአጨዳ የተረዳዳ ሰው ሌባ አይባል፤ እኛም ጥፋት ነው ብለን አላሰብነውም።

የሰዓት ተቆጣጣሪው መሐሪ ይባላል። ሴቶቹ «የእርጎ ዝንብ» ይሉታል። ማሽኑ መዝግቦለት ሳለ በየክፍሉ እየዞረ ሰውን በዓይኑ ያያላ! ከሚስቁበት አንዷ እኔ ነበርኩ።

የታመምኩ ጊዜ አከራዮቼ ለለቅሶ ፍኖተ ሰላም ሄደው ግቢው ባዶ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስልኬም ተዘግቷል። ትኩሳቱ ሲብስ ውሃ ለመቅዳት እንኳ መነሣት አቃተኝ። ግን ብዙም አልፈራሁም፤ ከሥራ ስቀር የት ሄደች ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም ብዬ ተጽናናሁ። ለካ አልቀረሁም! ያምሮት ሆዬ፣ ጥርስሽን ስላመመሽ አንቺ ዘንድ የሄድኩ መስሏት፣ እንዳልባረር ብላ ጠዋት ጠዋት ካርዴን ታስነካለች። እኔ አልጋዬ ላይ እየቃዠሁ ማሽኑ «ገብታለች» ይላል።

አንድ ጠዋት መሐሪ ማሸጊያው ክፍል ገብቶ ቦታዬ ባዶ መሆኑን አየ። የት አለች ሲላት፣ ያምሮት ሽንት ቤት ናት አለችው። ዞሮ ሲመለስ ደግሞ ከረጢት ልታመጣ ወጣች አለችው። ሳይቆጣ አጠገቧ ቁጭ አለና፣

«መሸፈኑን ተይው። ዛሬ በዓይኑ ያያት ሰው አለ?» አላት።

የለም አለችው። ትናንትናስ ሲላትም የለም። ያን ጊዜ ወደ አንቺ መሄዴን ከአፌ እንዳልሰማች ትዝ ብሏት፣ ፊቷ እንደምታሽገው ዱቄት ነጣ አሉ። ባጃጅ ይዘው በረሩ፤ በሬን ሰብረው አወጡኝ። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ሊያባርር ነበር። መሐሪ ግን የተዛባውን መዝገብ አስተካክሎ፣ የቀረሁበትን ቀርታለች፣ የቀረችውም ታማ ነው ብሎ ከሐኪም ወረቀቴ ጋር አቀረበ። ያምሮትም ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ብድግ አለች፤

«ካርዷን ሳስነካ የረዳኋት መስሎኝ ነበር። ለካ ደብቄያት ነው።»

ሥራ አስኪያጁም በማስጠንቀቂያ አለፈን። ከዚያ ወዲያ የሰው ካርድ የሚነካ የለም። ያምሮትን ደግሞ እንዳትቀየሚያት፤ እስክድን አጥባ አጉርሳ ያስታመመችኝ እሷ ናት። አሁን ትንሽ ካረፈድኩ በሥራ ልብሷ እየሮጠች ቤቴ ድረስ ትመጣለች። ሰፈሩ ይስቅብናል፤ ይሳቅብን፣ እሰየው።

ድኜ የተመለስኩ ዕለት መሐሪ በሩ ላይ ቆሞ ካርዴን በገዛ እጄ ሳስነካ አየኝና «አሁን ገባሽ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከረጢት ቆጠራው እየጠፋብኝ ዋልኩ።

እንግዲህ እናቴ፣ ከገና በኋላ ባለው እሑድ አባባ የትም እንዳይሄዱብኝ። ያንን ክፉ ውሻም በጠዋቱ እሰሩልኝ። ደጅ ቆመው «ቤቶች» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ቢመጡ፣ ወግ ነውና ቶሎ እሺ አይባልም፤ ግን ብዙም አታመላልሷቸው። ጠላው ቀደም ብሎ ይጠመቅ፤ የሚልካቸው ሰው ሰዓት ሲያልፍ አይወድም። ደስታው፣ እዚህ ጋ ሳቅህን ዋጥ አድርገህ አንብብላት።

ደጄን ያንኳኩትን ሁሉ አምላክ የሚያንኳኳላቸው አያሳጣቸው። አንቺንም አባባንም ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያቆይልኝ፤ ቀሪውን ጾም በሰላም ያስፈታችሁ።

ስትቀር የምትፈለገው ልጅሽ፣
ከቡሬ