የጮኸ ይቆርጣል

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዝናብ። ማሽኔ ዘይት ጠጥታ ደህና ሰፋች። የስፌት ቤቱ ባለቤት አዲስ ቆራጭ አመጣች፣ የእህቷን ባል። የድሮው ቆራጭ እጁ ሲንቀጠቀጥበት "ከእኔ በኋላ እሷ ናት" ብሎ እኔን አሳይቷት ነበር። ማን ሰማው?
ሰውየው መቀስ ሳይነካ ስለ መቀስ ሲያወራ ዋለ። አይሳሳቴ ብዬዋለሁ፣ በሆዴ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
የአዳራሽ መጋረጃ፣ ከፋይ ጨርቅ። ከፋይ ፀጉር አለው፤ ሲዳስሱት ወደ አንድ ወገን ይተኛል። ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ ወገን ካልሆነ፣ ሲሰቀል አንዱ ይጠቁራል፣ አንዱ ይፈካል። አይሳሳቴ ጨርቅ ለመቆጠብ አንዱን ሽቅብ አንዱን ቁልቁል አገላበጠው።
"ወንድሜ… እንጃ፣ የሚለያይ ይመስለኛል።"
"እማማ፣ ፊደል የቆጠሩት ትናንት ነው አሉ። ጨርቁን ለእኔ ይተዉት።"
ሰፊዎቹ ሳቁ። ባለቤቲቱም። ፊደልና ከፋይ ምን አገናኛቸው? ይህ መልስ የመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ሁልጊዜ እንደዚያው…

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
መጋረጃው ተሰቀለ። የሜዳ አህያ መሰለ። አይሳሳቴ "የመብራቱ ጥፋት ነው" አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።
የተወቀስኩት እኔ! ባለቤቲቱ፣ "እትዬ፣ ካወቁ ለምን አስረግጠው አልነገሩኝም? እንጃ፣ ይመስለኛል ይባላል?"
አንጀቴ አረረ። በእሷ። በምላሴም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
አይሳሳቴ ሄደ። ሌላ ቦታ አማካሪ ሆኗል አሉ።
ለምግብ ቤት አስተናጋጆች ሸሚዝ አዲስ ጨርቅ መጣ። እንዲህ ያለ ነክቼ አላውቅም። ባለቤቲቱ "ሲታጠብ ያጥራል እንዴ?" አለች።
"አያጥርም። ለእኔ ተዪው።"
ከየት መጣ ይሄ ድምፅ? አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ወፈር አድርጌ… መቀሱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ያወቅሁ ዕለት ሳቁ፤ ያላወቅሁ ዕለት ሾሙኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ቤት ገባሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
ቁልፍ የምትተክለው ልጅ እግር ጠጋ አለች። "እትዬ፣ ቁራጩን አጥበን ብናየውስ? እኔ እንኳ ፈራሁ።"
ልክ ነበረች። ግን ባለቤቲቱ ቆማ ታያለች።
"አንቺ ቁልፍሽን ትከዪ" አልኳት። ሳቁ። ቆረጥኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ሸሚዞቹ አንዴ ታጥበው ተመለሱ። እጅጌያቸው ክርን ላይ ቀርቷል።
ባለቤቲቱ ቁልፍ ተካይዋ ላይ ወረደችባት፤ ስትተክል ጎትታ አበላሽታው ነው አለች። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ! ልጅቷ ቀና ብላ እኔን አየች።
መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ "እኔ ነኝ" አልኩ። "ጨርቁን አላውቀውም ነበር። ዋሸሁሽ። እሷ ነግራኝ ነበር፣ አፏን አስያዝኳት።"
ባለቤቲቱ ሳቀች። "እትዬ ደግሞ፣ ለሰው ብለው ጥፋት ይሸከማሉ። በሉ እሺ፣ ትቆይ። የነገውን ጨርቅ ይቁረጡ።"
እውነቱንም ጮኼ ብናገረው አላመነችኝም።
ማምሻውን ልጅቷን በር ላይ ጠብቄ፣ "ከእንግዲህ ያየሽውን ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ እጮህልሻለሁ" አልኳት።
ነጠላዋን አጣፋች። "ለምን እኔ ራሴ አልጮህም?"
ቆጣ ብላ ነበር የተናገረችው።