አውሮፕላኑ ከቀረ ወዲህ

ለተወደድሽው እህቴ ለእትዬ ብርቅዬ፣

ከነልጆችሽ እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብ ሕመምሽ ቀለል አለሽ ወይ? የባለቤትሽ የጋሽ እንዳለስ ሳል ለቀቃቸው? ሰብሃትና ህይወት ትምህርት ጀመሩ? የድሬዳዋ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን በደብዳቤ የጻፍኩልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ስትደውዪ ስልኩ አባባ ራስጌ ነው፤ ወጣ ብዬ ልንገራት ስልም ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል። ነሐሴ ላይ አባባን ደጃፍ ላይ አዳለጣቸው ያልኩሽ ውሸት ነው። የወደቁት ከዛፍ ነው። እንዲወጡ ያደረግኋቸውም እኔ ነኝ። ከሥሩ ልንገርሽ።

አምና ለመስቀል ልጆቹን ይዘሽ እስከ ጅማ በአውሮፕላን ስትመጪ፣ ትኬቱ ከአውቶብስ ብዙም አይበልጥም እያልሽ ስትስቂ ነበር። ያ የግል አየር መንገድ ዋጋውን ጥሎ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጅማ ማረፍ ሲጀምር አገሩ ሁሉ ተነቃነቀ። ዓርብ ያረፈ እንግዳ ለማታ ቦንጋ ነው፤ ቅዳሜ የማንኪራን ጫካ ቡና ያያል፣ እሑድ የእግዜር ድልድይ ይሄዳል፣ ሰኞ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ ሙሽሮች እንኳ ለጫጉላ ይመጡልን ጀመር። ወደ አዲስ አበባ ይወጡ ከነበሩት አውቶብሶች ሁለቱ ሰው አጥተው መስመር ቀየሩ፤ ያኔ ማንም አላዘነላቸውም። እኔም በሺሺንዳ በዋጫ አድርጌ ሚዛን የምመላለስበትን አውቶብስ አስረክቤ የእንግዳ ሚኒባስ ያዝኩ። ነፍሷን ይማርና እማዬ በእጇ የተከለችውን እንሰት ነቅለን በቦታው ሦስት የእንግዳ ክፍል ሠራን። አባባ እንሰቱ ሲነቀል ቆመው አዩና፣ “እንግዲህ እንዳወቃችሁ” ብለው ወደ ጫካቸው ሄዱ።

እንግዶቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን አባባን ነበር። በገመድ ያን የሚያህል ግንድ ወጥተው ቀፎ ሲሰቅሉ ለማየት ይሻማሉ። መጀመሪያ አባባ አፈሩ። በኋላ ለመዱትና ማር በሌለበት ወር እንኳ ባዶ ቀፎ ይዘው ለፎቶ ይወጡ ጀመር። ሰባ አንድ ዓመታቸው እንደሆነ እኛም ረሳነው።

ከጥር ወዲህ በረራው ከሦስት ወደ አንድ ወረደ። ነዳጁ ጨመረ፣ መለዋወጫው በዶላር ነው ተባለ። ሰኔ ላይ የኩባንያው ሰው ሆቴል ያለውንም አስጎብኚውንም ጅማ ሰብስቦ፣ “ባዶ ወንበር ተሸክመን አንበርም። የጎደለውን ወንበር ሒሳብ እናንተ ከሸፈናችሁ እንቀጥላለን” አለን። አንድ የዋጫ ቡና ነጋዴ ተነስቶ፣ “እኛ መቼ ጠራናችሁ? ራሳችሁ መጥታችሁ አስለምዳችሁን፣ አሁን ጡት ልታስጥሉን ነው?” ቢለው አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ሁላችንም ባዶ ክፍላችንን እያሰብን ወጣን።

ነሐሴ ውስጥ አዲስ አበባ ሆኖ እንግዳ የሚልክልን ሣህሌ ደወለ። ስምንት ሰዎች እንደሚመጡ፣ ከየአገሩ ቱሪስት የሚልኩ ድርጅቶች ባለቤቶች እንደሆኑ፣ እነሱ ከወደዱት አውሮፕላኑም እንደሚቀጥል ነገረኝ። “ብቻ የሽማግሌውን ቀፎ ማየት አለባቸው” አለኝ። ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራም ነበር። እንግዶቹ የመጡ ዕለት አባባ ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉና በቋንቋችን በካፊኖኖ፣ “ኢያሱ፣ ዛሬ ይህ እንጨት አይሆንም” አሉኝ። እንግዶቹ ካሜራቸውን አውጥተው ቆመዋል። እኔ፣ እትዬ፣ አፈርኩ። “አንዴ ብቻ አባባ፣ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ” አልኳቸው። ገመዱንም ራሴ አቀበልኳቸው።

ሲወድቁ አልጮኹም። የጮኸችው ከእንግዶቹ አንዷ ናት።

ዳሌያቸው ነው የተሰበረው። ሐኪሞቹ አጥንቱ የሚጠገነው አዲስ አበባ ነው ብለው ወረቀት ጻፉልን። ከጅማ በአውሮፕላን እንውሰዳቸው ብለን ብንጠይቅ በዚያው ሳምንት በረራው ላልተወሰነ ጊዜ ቆሟል ተባልን። እንግዶቹን የመለሰው የመጨረሻው ነበር። በመኪና እንሞክር ብለን አንስተን ብናስገባቸው ገና ከከተማው ሳንወጣ ራሳቸውን ሳቱ። ሲነቁ፣ “መንገድ ላይ ከምሞት ቤቴ መልሱኝ” አሉ። መለስናቸው።

አሁን በሩ ሰፋ ስለሚል ለእንግዳ ከሠራናቸው ክፍሎች በአንደኛው ተኝተዋል። ጀርባቸው ቆስሏል። ትሁት ቀን ከሌት ታገላብጣቸዋለች፤ እንደ እሷ ያለች ሚስት ባትኖረኝ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። ሌሎቹ ክፍሎች ሻጋታ በልቷቸዋል። ወደ አውቶብሴ ልመለስ ብል ሌላ ሾፌር ይዞታል። በካፋ ምድር፣ በእማዬ ጓሮ ላይ ተቀምጠን፣ ቆጮ ከገበያ እንገዛለን። እንሰት ዛሬ ቢተከል ለመብል እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ባለፈው እሑድ አላስችል ቢለኝ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ፣ “አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የጣልኩዎት እኔ ነኝ” አልኳቸው። እሳቸውም፣ “ዛፍ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እንደማይሆን አውቄ ነው የወጣሁት። ፊትህን ሳየው እምቢ ማለት አቃተኝ” አሉኝ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር፣ እትዬ።

ነይ ልበልሽ ወይስ አትምጪ፣ እኔ አላውቅም። በየብስ ሦስት ቀን ነው፤ ወገብሽም አይችለው ይሆናል። ሐኪሙ ትናንት መጥቶ አይቷቸው ነበር፤ በር ላይ ትከሻዬን ይዞ፣ ቤተሰብ ካለ ይሰብሰብ አለኝ። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አታድርጊኝ።

ጋሽ እንዳለን ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ በይልኝ። ሰብሃትን በርታ በይልኝ። ህይወትን አባባ ስማት ብለውኛልና ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ትሁት እጅ ትነሳለች። ጎረቤታችን እትዬ ሰሎሜም በየማለዳው አባባን ሳይጠይቁ አይውሉም፤ ሰላም በሏት ብለዋል።

ይህን አንብበሽ ከተቀየምሽኝ ለእኔ መልስ አትጻፊ። ለአባባ ግን ደውዪላቸው፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ።

ወንድምሽ ኢያሱ ወልደ ማርያም
ቦንጋ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.