ባሕር ዳር ሄደን ሳንገዛው የመጣነው ጀልባ

ይድረስ ለወንድሜ ለዓባይነህ ይኸነው፣ ጅቡቲ

ወንድም ዓለሜ፣ እንዴት ሰንብተሃል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ከጀልባ ጋራዡ ብናኝ የመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይ? ፋይበር ስትፍቅ አፍና አፍንጫህን ትሸፍናለህ ወይስ ዛሬም እንደ ልጅነትህ «ምን ያደርገኛል» ነው ነገርህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእንጅባራ ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ግንቦት ገብቶም ጋቢ አላስጣለንም። ድንቹ ግን አምሮበታል።

ከእማዬ እንደሰማሁት በአባባ አዝነህ መደወል ትተሃል። ሕይወትን ላግባ ብለህ ምርቃታቸውን ብትጠይቅ «ዳማው ፈረስ ደህና ነው፣ ዝናቡም ደግ ነው» ብለው ስልኩን ለእማዬ ሰጡብህ። አንተም የወሎ ልጅ ስለሆነች አልወደዷትም ብለህ ደመደምክ። እኔም ብሆን ከዚህ ሌላ አላስብም ነበር። አባባ ሲያኮርፉ ወሬ እንደሚያስቀይሩ እኔና አንተ አብረን ያየነው ነው። ነገሩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ያወቅነውም ጀልባ ልንገዛ ሄደን ነው።

ባጃጁ ከበዛ ወዲህ የአባባን ጋሪ የሚሳፈር ሰው እየጠፋ እንደሄደ ታውቃለህ። ዘንገና ሐይቅን ሊያይ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ እየበዛ ነው። ስለዚህ ከጎረቤታችን ከአወቀ ጋር ሆነው እንግዳ በጀልባ ለማዞር አሰቡ። ባሕር ዳር ፀጋው የሚባል ሰው ያረጀ የፋይበር ጀልባ ሊሸጥ ነው ሲባል ሰምተው አንተን አማከሩህ። ያን ቀን ስልኩ ስፒከር ላይ ነበርና ያልካቸውን እኔም ሰምቻለሁ። «ቀለሙን አይዩ፤ ፋይበሩ አይበሰብስም፣ የሚበሰብሰው ውስጡ ያለው የኮምፔንሳቶ እንጨት ነው። በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ይሂዱ። ጤነኛው ቋ ቋ ይላል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ሞተሩ የሚታሰርበትን ብሎን ዙሪያ በተለይ አይለፉት» ብለህ ደጋግመህ ነገርካቸው። እሳቸውም «እሺ ልጄ፣ እሺ» አሉ።

እኔና አባባ ባሕር ዳር ስንደርስ ግን እሳቸው ያልካቸውን ሁሉ ትተው ጀልባውን እንደ ፈረስ መግዛት ጀመሩ። ፈረስ ሲገዙ ታውቃቸው የለም? መጀመሪያ ራቅ ብለው ቆመው ባለቤቱን ያያሉ። ከዚያ ዞር ዞር ብለው ጎኑን ይደባብሳሉ። እዚያም ይኸው ነው የሆነው፤ ገልጠው የሚያዩት ጥርስ ብቻ አጡ። ፀጋው ረጋ ያለ፣ ዓይን የሚሞላ ሰው ነው፤ ጀልባውም አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። አባባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ባለቤቱ ጨዋ ነው፤ ከጨዋ ደጅ የወጣ ፈረስ አይከዳም» አሉኝ። ያንሾካሾኩ መስሏቸው ነበር፤ አሣ የሚያጥቡት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን። ፀጋውም ፈገግ አለ።

እኔ ግን ያንተን ቃል አልረሳሁምና የመዶሻውን እጀታ አስያዝኳቸው። ከፊት ጀምረው እያንኳኩ ወደ ኋላ ሄዱ። ፊት ለፊቱ እንዳልከው ቋ ቋ ይላል። ሞተሩ የሚታሰርበት ቦታ ሲደርሱ ግን ድምፁ እርጥብ ጆንያ እንደመምታት ሆነ። ወለሉም ስረግጠው ዝቅ ይላል። አባባ ፊታቸው ሳይለወጥ እስከ መጨረሻው አንኳኩና «ሁሉም አንድ ነው፤ ጤነኛ ነው» ብለው ለፀጋው እጃቸውን ሊዘረጉ ሆነ። ክንዳቸውን ያዝ አድርጌ «አባባ፣ ልዩነቱ አይሰማዎትም?» ብላቸው አፌን አፌን አዩኝ። ከዚያ «እሺ ልጄ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባባ አይሰሙም።  አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ እንዴት አላየሁም ብዬ በራሴም አዘንኩ። በሰው ፊት «አይሰሙም እኮ» ብላቸው ማፈራቸው ነው፤ ዝም ብል ደግሞ የዘንገናን ጥልቀት አውቀዋለሁ፤ እሳቸውም ጎረቤታችን አወቀም ሐይቁን ሊያይ የመጣው ሰውም የሚሳፈሩት በዚያ ጀልባ ነው። ስለዚህ እጃቸውን ይዤ መዳፋቸውን ጀልባው ላይ አስደገፍኩና በእጀታው አጠገቡን መታሁ። መጀመሪያ ጤነኛውን፣ ቀጥሎ የታመመውን።

የፈረስ እግር ሲያነክስ ሕመሙ የቱ ጋ እንዳለ በመዳፋቸው እየፈለጉ ዓይናቸውን የሚጨፍኑትን አጨፋፈን ታስታውሳለህ? እንደዚያ ጨፈኑ። እጀታውን ተቀበሉኝና በአንድ እጃቸው እየመቱ በሌላው እየዳሰሱ የበሰበሰውን ከዳር እስከ ዳር ለዩት። «ካቻቢቴ አምጡ» ብለው አንዱን ብሎን ሲያላሉት ቡናማ ውኃ እየተንጠባጠበ ወጣ፤ ሽታው የገማ እንጨት ነው። «ወንድሜ ፀጋው፣ ይህ ፈረስ የኋላ እግሩን ታሟል» አሉት። ሰውየው ደንግጦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሱም አያውቅም ነበር፤ ባንገዛው ነገ ሰው ሊያሳፍርበት ነበረና እያመሰገነ አሣ አብልቶ ሸኘን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዳንግላ ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ «ከጥምቀት ወዲህ ነው» አሉኝ፤ መጀመሪያ አንዱ ጆሮ፣ በኋላ ሁለቱም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ እኛን ሲመክሩ የኖሩ ሰው የራሳቸውን ደበቁ። የባጃጅ ጥሩምባ የማይሰማ ባለጋሪን ማን ያምናል ብለው ሰጉ። ደግሞም አንተ ብትሰማ ሥራህን ጥለህ ትመጣለህ ብለው። «ሲደውል ድምፁ ይመጣልኛል፤ ቃሉ ነው የማይለይልኝ። ስልኩ እንዳይዘጋብኝ እሺ እሺ እላለሁ» አሉኝ።

የሕይወትን ነገር ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ጆሮአቸው ላይ ጮኼ ነውና የነገርኳቸው ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ልታገባ እንደሆነ ሰማ፤ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «እንኳን ደስ ያለዎት» አሏቸው። አባባ ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው «ልጄ ምርቃት ለምኖኝ እኔ የፈረስ ወሬ አወራሁለት?» አሉ። እንዲያ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

ይህን በወረቀት የጻፍኩት እሳቸው ስለፈለጉ ነው፤ ይዞልህ የሚመጣውም እንግዳው የሚባለው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እንድነግርህም ራሳቸው ፈቅደዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ዘንድ አደርሳቸዋለሁ። ጀልባውንም አልተውነውም፤ ሌላ እንፈልጋለን።

እማዬ «ዓይንህን ሳላይ አልሙት» ብላ ትስምሃለች፤ ለሕይወትም ለነጠላ የሚሆን ጥጥ እያስፈተለች ነው። ልጄ ምህረቴ ጅቡቲ ውስጥ አሣ ነባሪ አለ ወይ ይልሃል። አወቀና ባለቤቱ ወይዘሮ ሸጋ ሰላም ብለውሃል። ሕይወትን እህትሽ ፋና በናፍቆት ትጠብቅሻለች በልልኝ። ከዚህ በታች ያለው የአባባ የራሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ቀስ ብለህ አንብበው።

እህትህ ፋና ይኸነው

ልጄ ዓባይነህ ጽሕፈቴን ታገሰኝ። ስለ ልጅቱ ያልከኝን አልሰማሁም ነበር። እንደገና ጠይቀኝ።

አባትህ ይኸነው

እንጅባራ፣ ግንቦት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.