ሰው ስል ልቀቁ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ድምፄ ዛሬም ተዘግቷል። ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ በፊሽካ አስተማርኩ። የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ማንም አልገረመውም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሜዳ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ያለችው የእኛዋ ሜዳ... ግማሿ አቧራ፣ ግማሿ ጠጠር። ልጆቹ ቀድመውኝ ቡድን ከፍለው ጀምረዋል። ሙስአብ ያው ሙስአብ ነው። ኳሷ እግሩ ሥር ከገባች የግሉ ናት። አንዱን በአብዶ ሸወደ፣ ሁለተኛውን ሸወደ፣ ሦስተኛው ነጠቀው። ፊራኦል ጎሉ አፍ ላይ ብቻውን ቆሞ እጁን ያውለበልባል። «ስጥ! ስጠው! ስ...» አለቀ። ድምፄም፣ ኳሷም።

ፊራኦል ወገቡን ይዞ መጣ። «ኮች፣ እኔ ግን ለምንድነው የምመጣው?»

ሙስአብ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም፤ እኔ ራሴ ክለብ በተጫወትኩባቸው ዓመታትም። ይሄን ለእሱ አልነገርኩትም። ቢሰማማ ጭራሽ ማን ይይዘዋል?

ወደ ቤት። አራተኛ ፎቅ። ዕጣው ሲወጣልን እልል ብለን የተቀበልነው አራተኛ ፎቅ... አሁን ጉልበቴ በየደረጃው ይረግመኛል። ደክሞኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ኳስ ሳላስነካ መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው። ድምፄ ትንሽ መለስ ብሏል። በራሳችን ጎል አጠገብ አብዶ የለም፤ እዚያ ከተነጠቅክ መከራውን የሚያየው በረኛው ነው። ፊት ለፊትህ አንድ ተከላካይ ብቻ ካለና ከጀርባው ሜዳው ክፍት ከሆነ ሂድበት። ሁለት ሆነው ከመጡብህ ደግሞ አንድ ጓደኛህ ነፃ ሆነ ማለት ነው። ፈልገህ ስጠው።

«ኮች፣ ሦስት ሆነው ቢመጡስ?» ሙስአብ ነው።

«ሁለት ጓደኞችህ ነፃ ናቸው።»

«አራት ቢሆኑስ?»

«አራት አይመጡብህም። ማን ነህና?»

ሳቁበት። እሱም ሳቀ። በኋላ ጨዋታ ላይ ኳሷን ይዞ ዝም ብሎ ቆመ። ምን እየሠራ ነው ስል... ለካ እየጠበቃቸው ነው! አራት እስኪሆኑ! መጡ፣ ከበቡት፣ አለፋቸው። ሳቄ መጥቶ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ አምስተኛው ነጠቀው።

ይህን ልጅ ምን ይሉታል?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ወሬ መጣ። ከአንድ ክለብ መልማዮች ሊያዩን ነው። ለታዳጊ ቡድናቸው ከእኛ ሜዳ አንድ ልጅ ይወስዳሉ። አንድ ብቻ። በሚቀጥለው ሳይሆን በዚያኛው እሁድ።

ልጆቹን አሳውቄ ሙስአብን እስከ አባቱ ሥራ ቦታ ሸኘሁት። አባቱ አብነት ሰፈር ውስጥ ብየዳ ቤት አላቸው፤ በርና መስኮት ይሠራሉ። ጋሽ አብዱልከሪም ጆሯቸው በብረት መቁረጫው ግራይንደር ጩኸት ስለደነዘዘ ሲያወሩ ይጮሃሉ፤ አብሯቸው የሚያወራም ይጮሃል። መንገደኛ ቢያየን የተጣላን ይመስለዋል።

«ከመረጡት ይሂድ፤ አልከለክልም!» አሉኝ። «ካልመረጡት ግን በቃ። ቅዳሜና እሁድ እዚህ ከእኔ ጋር ሥራ ይለምዳል። እኔም ልጅ ሆኜ ኳስ እወድ ነበር። ኳስ ግን እኔን አልወደደኝም።»

ሙስአብ ብረት ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሲሸወድ ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው።

ተሳስተዋል ልል አልችልም። የስንቱ ልጅ ዕድሜ እዚያች አቧራ ላይ አልቋል... የእኔም ጉልበት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጊዜ የለኝም። ልጁ ምክር አይሰማም። ጥያቄ ያበዛል። ስለዚህ አቋራጭ ያዝኩ።

«ሰው!» የምትለዋን ቃል በዚህ ከተማ ኳስ የነካ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። ከኋላህ መጡብህ ማለት ናት። እኔ ሕግ አደረግኳት። ሰው ስል ልቀቁ። አትዙሩ፣ አትመልከቱ፣ አትጠይቁ። ልቀቁ። አንዴ ያልለቀቀ ተቀያሪ ይሆናል።

ደግመው ደጋግመው ሠሩት። «ሰው!» ... ለቀቀ። «ሰው!» ... ለቀቀ። ሙስአብ ሁለቱን ጊዜ ለቀቀ፣ ሦስተኛው ላይ ግን አንድ አብዶ ጨመረባት። አስወጣሁት።

«ኮች፣ አልፌው ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ። ውጣ።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬም ግማሹን ጨዋታ ከሜዳ ውጭ አስቀመጥኩት። አላለቀሰም። ጠጠር እየለቀመ ሲወረውር ዋለ። አንጀቴን በላው። ግን ጨከንኩ። ለእሱ ብዬ አይደል?

ስመልሰው አምስት ኳስ አገኘ፣ አምስቱንም ሰጠ።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ከአብነት ልጆች ጋር ተጫወትን። ሦስት ለዜሮ አሸነፍን። ሙስአብ ይቀበላል፣ ይሰጣል፣ ይቀበላል፣ ይሰጣል። ቃሏን ሳልጨርስ ኳሷ ከእግሩ ወጥታለች። ፊራኦል ሁለት አገባ። ዳር የቆሙ ወላጆች አጨበጨቡልኝ። አንዷ እናት «ልጆቹን ሰው አደረግሻቸው» አለችኝ።

ስንጨርስ በረኛችን ኢዶሳ መጥቶ በጆሮዬ «ኮች፣ ሙስአብ አሞታል እንዴ?» አለኝ።

«አላመመውም። ተማረ።»

ኢዶሳ ግን አላመነኝም። እኔስ? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምነው ታዲያ... ድካም ነው። ድካም መሆን አለበት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬ ላላላው ሞከርኩ። «ሙስአብ፣ ዛሬ ነፃ ነህ። ያሻህን አድርግ» አልኩት። አንድ ልጅ ብቻ ፊቱ አለ፤ ቀልቡን ገፎ የሚያልፈው ዓይነት ልጅ። ሙስአብ ኳሷን አቆመና አየኝ። ሂድ በይኝ ዓይነት። ሂድ አልኩት። ሄደ። ትንሽ ሄዶ እንደገና አየኝ።

ኳሷን ሳይሆን አፌን ነው የሚያየው።

በአንድ ሳምንት እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። እሁድ ደረሰ። መልማዮቹን ሲያይ ይነቃ ይሆናል። ይነቃል።

እሁድ፣ ኅዳር 21

አልቋል።

መልማዮቹ ሁለት ነበሩ። ዳር ላይ ቆመው ስልካቸውን ይነካካሉ። ጨዋታው ከልደታ ማዶ ከመጡ ልጆች ጋር ነው። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ዜሮ ለዜሮ። ሙስአብ መሀል ሜዳ ላይ ኳስ አገኘ። ፊቱ የነበረው ተከላካይ ጠጠሩ አዳለጠውና ተዘረረ። ከዚያ ወዲያ በረኛው ብቻ። ከኋላውም ማንም አልደረሰበትም፤ ከዳር ሆኜ በግልጽ አያለሁ።

እሱ ግን ጎሉን አላየም። እኔን አየ።

«ሰው የለም! ሂድ!» ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ። ባቡሩ በላያችን እየተንኳኳ ያልፋል። ሙስአብ ዞር እንኳ ሳይል ኳሷን ወደ ጎን ለቀቃት። ፊራኦል አገኛት፣ አገባት። ሰዉ ጨፈረ።

ፊራኦልን ወሰዱት። ጥሩ ልጅ ነው፤ ይገባዋል። ስሙን ሲጠሩት የመጀመሪያው ዘልሎ ያቀፈው ሙስአብ ነው። ከዚያ መለያውን አውልቆ፣ አጥፎ፣ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ለምን? ሂድ እያልኩት! ለምን አልሄደም?

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ትምህርት ቤት ቀረሁ። አሞኛል አልኩ። ውሸትም አይደለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

አልመጣም። አልጠበቅኩም ብል ውሸት ነው። ልጆቹ ሞቅ ብለው ተጫወቱ፤ ስለ ፊራኦል ክለብ ያወራሉ። እኔ መንገዱን ሳይ ዋልኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 28

አሁንም የለም። ልምምዱን ቀድሜ በተንኩና አብነት ሄድኩ።

ሙስአብ ጓንት አጥልቆ ብረት ይዞላቸዋል። ጓንቱ በልኩ አይደለም። ጋሽ አብዱልከሪም ግራይንደሩን አጥፍተው ወንበር አወጡልኝ። ስቀመጥ ነገሬን ሁሉ ረሳሁት። ያንኑ ሲያብሰለስለኝ የሰነበተውን ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ።

«ሙስአቤ፣ ሜዳው ባዶ ነበር። ኳሷን ለምን ለቀቅካት?»

ቀና ብሎ አየኝ። የምሬን መሆኑን የተጠራጠረ ይመስላል።

«ሰው አልሽኝ እኮ።»

«ሰው የለም ነው ያልኩህ!»

«የለም የሚለውን አልሰማሁም። ባቡሩ...»

«ታዲያ አንዴ ዞር ብትል ኖሮ ታይ አልነበር?»

«አትዙሩ ብለሽ የለ?»

«ሰው» የምትለዋ ደርሳለች። «የለም» የምትለዋ መንገድ ላይ ቀርታለች። እሱ ደግሞ የመጀመሪያዋን እንደሰማ እንዲለቅ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ልክ እንዳዘዝኩት አደረገ። ሳያስቀር።

ጋሽ አብዱልከሪም ግማሹን ሰምተው ግማሹን ከፊታችን አንብበው መሰለኝ ገባቸው። አልጮሁም። እኚህ ሰው ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ሰሚራ፣ ስጥ ስጥ እያልሽ አስተማርሽው። ሰጠ። ለእሱስ ማን ሰጠው?»

የጋለ ብረት ቢያስነኩኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁ አጠገባችን ባይሆን አለቅስ ነበር።

«ቅዳሜውን ይያዙት» አልኳቸው ጮክ ብዬ። «እሁዱን ይስጡኝ።»

«ለምን? መራጮቹ ሄዱ አይደል?»

«ሄዱ። ለእነሱ አይደለም። የወሰድኩበት ነገር አለ፤ ልመልስለት።»

ግራይንደሩን አስነሱ። ቆሜ ቆይቼ ወጣሁ። ታክሲ አልያዝኩም፤ ሰው ማየት አስጠልቶኝ በእግሬ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ ኮች አትጮህም። «ሰው» የለም፣ «ስጥ» የለም፣ «ሂድ» የለም። ኳስ ከመድረሷ በፊት በሁለቱም ትከሻችሁ ዞር ብላችሁ እዩ፤ የምጠይቃችሁ ይሄን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የራሳችሁ ጉዳይ።

አይ የዛሬው ጨዋታ! ገበያ ነው የሚመስለው። ሁሉም ይሸውዳል፣ ሁሉም ይነጠቃል። ትንሹ በሱፍቃድ ለተቃራኒ ቡድን ሁለቴ ሰጠ። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። መጮህ ያደክማል እል ነበር... ዝም ማለት ለካ ይብሳል።

ኢዶሳ ጎሉን ጥሎ መጣ። «ኮች፣ ተቀይመሽናል እንዴ?»

«አልተቀየምኩም።»

«እና ለምን አትቆጪንም?»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ ሰንብቻለሁ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 5

መጣ።

ብቻውን አይደለም። ጋሽ አብዱልከሪም የሥራ ቱታቸውን እንደለበሱ ከኋላው ይከተላሉ። «አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው!» አሉኝ፤ ማዶ ያለ ሁሉ እስኪሰማ። ለካ ልጃቸው ሲጫወት አይተውት አያውቁም። በሥራ ምክንያት።

መለያውን ሰጠሁት። ስለ አዲሱ ሕግ ኢዶሳ ነው ያስረዳው። «ኮች ዝም ብላለች፤ በቃ፣ ራስህን ቻል።»

የመጀመሪያዋን ኳስ ሲያገኝ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ተነጠቀ። ሁለተኛዋንም አየኝ፤ መሬት አየሁ። ሦስተኛዋ ላይ መስጠት ሲገባው ሸወደ፣ ተነጠቀ። አራተኛዋ ላይ መሸወድ ሲገባው ሰጠ፤ ያውም ለበሱፍቃድ፣ እሱም ረግጧት ወደቀ። አንድም ትክክል አልሠራም። አንድም! ጥፍሬን እጄ ውስጥ ቀብሬ ተቀምጫለሁ። ጋሽ አብዱልከሪም ደግሞ ከጎኔ ይቁነጠነጣሉ።

ከዚያ ዳር ላይ፣ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ኳስ ደረሰችው። ከኋላው ሁለት ልጆች እየሮጡ መጡ። ጋሽ አብዱልከሪም ብድግ አሉ።

«ሙስአብ! መጡብህ! ኧረ ስጥ! ስጥ ልጄ!»

ሜዳው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሙስአብ ብቻ አልዞረም። እግሩን ኳሷ ላይ እንዳደረገ፣ ወደ እሳቸውም ወደ እኔም ሳያይ፣

«አባዬ፣ አይቻቸዋለሁ!» አለ።

ከዚያ ይለፋቸው ይስጥ አላየሁም። ዓይኔ ሞልቶ ነበር። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። እዚያ ሜዳ ላይ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ልጅ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ለማለት ጊዜ ሰጥቻቸው አላውቅማ።

ጋሽ አብዱልከሪም ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ምን አለኝ?»

«አይቻቸዋለሁ ነው ያለዎት!»

ትንሽ አሰቡ።

«ታዲያ እኔ ምን ያስጮኸኛል?» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።