ቫሬዥካ አልወፈረችም

ወንድሜ ሳቬሊ፣ ባጠባችን ጡት ይዤሃለሁ፣ ይሄን ጊዜ እንኳን እመነኝ! ላማችን ታማለች ስልህ ሳቅክብኝ፣ በሦስተኛው ቀን ግን ቆዳዋን ገፈፍክ።

ለመሆኑ እንዴት ናችሁ? የእማዬ ጉልበት ብርዱን ቻለው? ያንተስ ሳል ለቀቀህ? እኔ አካሌ ደህና ነው፣ ልቤ ግን እንደተሰቀለ ነው።

የማጸዳው ሆስፒታል ነው ያልኩህ ውሸት ነው፣ ይቅር በለኝ፤ እንዳልናገር አስፈርመውኛል። ከመንገድ የለቀሟቸውን ውሾች በሮኬት ወደ ሰማይ የሚልኩበት ነው። ሴቶቹን ብቻ ነው የሚልኩት፤ ወንዱ እግሩን ሳያነሳ አይሸናም፣ ታስረው የሚበሩበት ሳጥን ደግሞ መላወሻ የለውም። ከነሱ አንዷ ቫሬዥካ ናት፣ ነጯ። የዛሬ ሰባት ሳምንት ስወለውል በሩን መዝጋት ረሳሁና ወንድ የመንገድ ውሻ ገባባት። አሁን ሆዷን ስነካው ቡችሎቹ ይራገጣሉ። ሐኪሞቹ ግን መዘኗትና ወፈረች ብለው ምግቧን በግማሽ ቀነሱባት!

ለሐኪሙ ለሮዲዮን ፔትሮቪች ጥፋቴን ሳልደብቅ ነገርኩት። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ተምሬ ያላየሁትን አንቺ በመወልወያ አየሽው?» አለኝ፣ ሁሉም ሳቁ። ብትሞትስ ስለው «ነገ ሰው ከሚሞት ዛሬ እሷ ትሞክረው» አለኝ። ሰው እኮ እሺ ብሎ ነው የሚወጣው፣ እሷን ማን ጠየቃት? ስጠራት ሮጣ ሳጥኑ ውስጥ ትገባለች፣ እኔን አምና! በቋሊማ ያስለመድኳት እኔው ነኝ፤ አንጀቴ አረረ።

ዛሬ ሲጨልም መኪና መጥቶ ወደ ሮኬቱ ይወስዳታል። ፖስታውን ስለሚከፍቱት ይሄን ለባቡር ሠራተኛዋ ለክላቫ እሰጣታለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ እናንተ ጋ ትደርሳለች። ከገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ደውልና ለዚህ ግቢ ዘበኛ «የዚና እናት በጠና ታማለች፣ ልጅቷ ዛሬውኑ ትምጣ» በላት፣ ስልክ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጀርባ አለ። ስለ ውሻ ትንፍሽ እንዳትል! ስትደውል ወደ እናንተ እንድመጣ ይፈቅዱልኛል፣ እሷን በካፖርቴ ደብቄ አመጣታለሁ። ከተያዝኩ አለቀልኝ። በሷ ፈንታ ሌላ እንደሚልኩም አውቃለሁ፣ እሱም ያቃጥለኛል፤ ግን ካፖርቴ ሁሉንም አይችልም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ ሟርት አይሁንብኝ በላት። ሚስትህን ግላሻን፣ ትንሿን ኒዩራን፣ አጎቴ ፕሮኮፕንም ሰላም በልልኝ። በእግዜር፣ ቁጭ ብለህ አታስብ፤ ሳይጨልም ደውል።

እህትህ ዚና
ሞስኮ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦክቶበር 1960