የእናትሽን ቮልስ ስለ መቆለፍ

ልጄ አይዳ፣ ካራማራን ያጸና አምላክ አንቺንም በሰው አገር ያጽናሽ። እኔ ደህና ነኝ። የምናገረውን የምትጽፈው ጎረቤታችን ቀለመወርቅ ናት።

ዘንድሮ ጅጅጋ ዝናቡ ዘገየ፤ የመኪና ሌባ ግን በዛ። ነፍሷን ይማርና የእናትሽን ቮልስ በሯን ቆልፌ፣ እንዳትነሳም ካንዴላዋን ነቅዬ ኪሴ እይዛለሁ።

ማክሰኞ በቀትር ዘበኛው ማሃድ ወደ መኪናዋ ዞሮ «ማነሽ?» ሲል ሰማሁት። በአማርኛ ወንድና ሴት ስለሚምታታበት ሳቅሁበት። ቀጥሎ በሶማሊኛ «ዋ ቱማ?» አለ፤ «ማናት?» ማለቱ ነው። በገዛ ቋንቋው ደግሞ ሴት ካላየ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ሮጥኩ። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ውስጡ ሰው የለም። የሾፌሩ ወንበር ግን እናትሽ ለአጭር እግሯ እንደምታደርገው እስከ መሪው ድረስ ተስቧል።

«ጋሼ፣ አየችኝ እኮ» አለኝ ማሃድ።

ቀለመወርቅ ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ አልኳት።

ፈሪ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። የላክሽውን የመሪ መቆለፊያ ግን አልገጠምኩም። ሌባ ከሆነ በዱላዬ እመልሰዋለሁ፤ እሷ ከሆነች እንዴት እቆልፍባታለሁ?

ዕድሜሽ ይርዘም፣ የወለድሽው ይደግልሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስትደውዪ መኪናዋን ሽጣት አትበዪኝ። ስልክ የማነሳው አጠገቧ ቆሜ ነው፤ ትሰማለች።

አባትሽ ሀብተየስ